«ትንሽ ነገር ነው የቀየርኩት»

በዚህ ሰሌዳ ላይ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ሌላው ሰው ስላጠፋው ነው። እኔ ዛሬ ይዤ የቀረብኩት የራሴን ጥፋት ነው። ለመጻፍ ያነሳሳኝም ጥፋቱ ብቻ አይደለም፤ ከጥፋቱ በኋላ ስለ ሙያችን የተማርኩት ነገር ነው። ትምህርቱ ደግሞ የመጣልኝ ካላሰብኩት ቤት፣ ሶፍትዌር ከሚሠሩና ከሚፈትሹ ሰዎች ዘንድ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ባለፈው ዓመት ለማስተማር ልምምድ የተመደብኩት በስምጥ ሸለቆው መንገድ ላይ ካሉት ከተሞች በአንዱ፣ በአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ስሙን አልጠራም፤ ጥፋቱ የኔ እንጂ የትምህርት ቤቱ አይደለምና። የ6ኛ ክፍል ኃላፊ የሆኑት መምህርት ኮምፒውተር እንደምነካካ ሰምተው፣ «ልጄ፣ እስቲ ዘንድሮ ሮስተሩን በኮምፒውተር ሥሪልኝ፤ በየዓመቱ በእጄ ስደምር ዓይኔ አለቀ» አሉኝ። ደስ እያለኝ ተቀበልኩ። ሮስተር ማለት መቼም ሁላችንም እናውቀዋለን፤ የተማሪው ስም በቁልቁል፣ የየትምህርቱ ውጤት በአግድም ተጽፎ ድምር፣ አማካይና ደረጃ የሚወጣበት ትልቁ ወረቀት ነው። ወደ ካርድ የሚገለበጠውም ከእሱ ላይ ነው።

በኤክሴል ሠራሁት። የ58 ተማሪዎችን ስምና የ9 ትምህርት ውጤት አስገባሁ። ድምሩን በቀመር አወጣሁ፤ ድምሩን ለ9 አካፍዬ አማካዩን አገኘሁ። ከዚያ በክፍሉ ጎበዝ የሚባሉትን አምስት ልጆች መርጬ በካልኩሌተር አመሳከርኩ። አምስቱም ልክ ሆኑ። መምህርቷም «እሰይ የኔ ልጅ!» አሉኝ።

በማግስቱ ዘግይቶ የነበረው የአሥረኛው ትምህርት ውጤት መጣ። መጨረሻ ላይ አንድ ዓምድ ጨምሬ ውጤቱን አስገባሁና፣ አማካዩ ላይ «ለ9» የሚለውን «ለ10» ብዬ ቀየርኩ። ትንሽ ነገር ናት። አምስት ደቂቃም አልፈጀችብኝ። እንደገና ማመሳከርማ ትዝም አላለኝ፤ ትናንት ልክ ነበር አይደል እንዴ?

ለካስ የድምሩ ቀመር የሚደምረው የቀድሞዎቹን ዘጠኙን ብቻ ኖሯል። አዲሱ ዓምድ ተጽፏል እንጂ አልተደመረም። ስለዚህ የዘጠኝ ትምህርት ድምር ለአሥር ይካፈል ጀመር። የሁሉም ልጅ አማካይ ወረደ። ሁሉም አብሮ ስለወረደ ግን ደረጃው ብዙ አልተዛባም፤ አንደኛዋም አንደኛ፣ ሁለተኛውም ሁለተኛ ናቸው። ለዓይን ያልታየውም ለዚህ ነው። ጉዳቱ የወደቀው ከታች ባሉት ልጆች ላይ ነበር።

ካርድ በተሰጠ ዕለት አንዲት ተማሪ ወደ ውጭ ወጣችና ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር ተቀመጠች። ትንሽ ቆይታ ደብተሯን ይዛ ተመለሰች። «ቲቸር፣ የኔ ተሳስቷል» አለችኝ። ካርዷ ላይ አማካይ 47.3 ይላል፤ ከሥሩም አልተዛወረችም የሚል ተጽፏል። እኔ ምን ብላት ጥሩ ነው? «ኮምፒውተር ነው የሠራው» አልኳት። ይህችን ቃል ዛሬም ሳስታውሳት ያፍረኛል። ልጅቷ ግን አልሄደችም። «ከወደቅሽ ትምህርቱ ይብቃሽ ተብያለሁ» ብላ ደብተሯን ዘረጋችልኝ። አሥሩንም ውጤቷን በመስመር ጽፋ ደምራለች። የዘጠኙ 473፣ አሥረኛው 55፣ በጠቅላላው 528። ለ10 ሲካፈል 52.8።

ከ50 በታች የሚል የተጻፈባቸው፣ ነገር ግን ያለፉ ልጆች ሰባት ነበሩ። አንዷ እሷ ናት። ሁለቱን እዚያው ግቢ ውስጥ አገኘናቸው። አራቱ ካርዳቸውን ይዘው ሄደው ስለነበር ከመምህርቷ ጋር በባጃጅም በእግርም ቤታቸውን ስናፈላልግ መሸ። ሦስቱን በዚያው ምሽት አገኘን። አራተኛው ከቤተሰቡ ጋር ወደ ገጠር ወጥቶ ኖሮ ያገኘነው በሦስተኛው ቀን ነው። ያ ልጅ ሳይወድቅ ሦስት ቀን ሙሉ የወደቀ ልጅ ሆኖ ሰነበተ። የቀሩት ካርዶችም ላይ ያለው አማካይ ስሕተት ነበርና ሁሉም ተሰብስበው ተስተካከሉ።

መምህርቷ አልተቆጡኝም። «ነገ ማልደሽ ነይ፤ ከመጀመሪያው ጀምረን አብረን እንየው» ብቻ ነው ያሉኝ። በነጋታው የሆነውን ሁሉ በማስታወሻ ደብተራቸው ላይ በተራ ጻፉት። ጥፋተኛዋ ማን ናት የሚል ግን የለበትም። «ስሕተቱ መቼ ገባ? ለምን አልታየንም? ከርሞ በምን እንይዘዋለን?» የሚል ነው።

ታላቅ ወንድሜ በዚሁ በአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ አሁን አዲስ አበባ ሶፍትዌር በመፈተሽ ሥራ ላይ ይገኛል። (ይህ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1993 የናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ ሆኖ የተመሠረተና ኋላም የቴክኒክ መምህራን ሲያሠለጥን የነበረ ቤት መሆኑን ልብ ይሏል፤ ዘመዳችን ነው ማለት ነው።) ቅዳሜ ወደ ቤት ሲመጣ አንገቴን ደፍቼ ነገርኩት።

«ምን ቀየርሽ?» አለኝ።

«ምንም፤ ትንሽ ነገር ነው የቀየርኩት ጋሼ።»

ሳቀና፣ «በእኛ ቤት ከሁሉ የምታስፈራን ቃል እሷ ናት» አለኝ። ከዚያ ቡናው እስኪፈላ ድረስ ስለ ሥራው አጫወተኝ። እኔ ፈታሽ ማለት ሥራው ካለቀ በኋላ መጥቶ «ልክ ነው» ብሎ የሚፈርም ሰው ይመስለኝ ነበር። እሱ ግን፣ «እኔ ደመወዝ የሚከፈለኝ ልክ መሆኑን ለማሳየት ሳይሆን የት ላይ እንደሚሰበር ለማግኘት ነው» አለኝ። ይህን አስተሳሰብ ግሌንፎርድ ማየርስ የተባለ አሜሪካዊ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1979 ስለ ሶፍትዌር ፍተሻ ባሳተመው መጽሐፍ በሰፊው አስረድቶታል። ያኔ ነው አምስቱን ጎበዝ ልጆች ለምን እንደመረጥኩ የገባኝ። ልክ መሆኔን ለማየት ፈልጌ ነበር፤ ልክ መሆኔንም አየሁ። የተጎዱት ልጆች ግን ያሉት ከ50 አጠገብ ነው። ወንድሜ እንደሚለው ስሕተት መኖሪያው ድንበር ላይ ነው፤ በ49ና በ50፣ በባዶና በ0፣ በ100ና በ101 መካከል።

የኛ አገር ድንበር ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ከውጭ የመጣ ፕሮግራም 12 ወር እንጂ 13ኛ ወር አያውቅም። ጳጉሜ 6 የምትመጣው በአራት ዓመት አንዴ ነው፤ ለምሳሌ በ2015 ዓ.ም. ነበረች። በዚያች ቀን የተወለደን ልጅ መዝገቡ «እንዲህ ያለ ቀን የለም» ብሎ ሊመልሰው ይችላል። ፀሐይ የምትባል ተማሪ በሌላው «ጸ» እና በሃሌታው «ሀ» ተጽፋ ስትፈለግ ትጠፋለች። ጫልቱ በቁቤ ስትጻፍ የምትጀምረው በ«ሲ» ፊደል ነው፤ እንደ እንግሊዝኛ የሚጽፍ ጸሐፊ ደግሞ «ሲ ኤች» ይላታል። አንዲቷ ልጅ በመዝገብ ላይ ሁለት ሆነች ማለት ነው። እንደ አዳማ ባለ፣ ሁሉም ቋንቋ በሚነገርበት ከተማ ውስጥ ይህን ሳይፈትሹ መዝገብ መክፈት ጣጣው ብዙ ነው።

ከዚያ ስለ አሠራራቸው ነገረኝ። ድሮ ሶፍትዌር ሲሠራ ዕቅዱ በሙሉ ተጽፎ ያልቅና ወራት ወይም ዓመታት ተሠርቶ ፍተሻው ከመጨረሻ ይመጣ ነበር። ስሕተቱ ሲገኝ ጊዜውም ገንዘቡም አልቋል። በየካቲት 1993 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2001) በአሜሪካ ዩታ ግዛት ተራራ ላይ 17 የሶፍትዌር ባለሙያዎች ተሰብስበው አንድ አጭር መግለጫና 12 መርሆዎች አወጡ። አሠራሩን «አጃይል» አሉት፤ ቀልጣፋ እንደ ማለት ነው። በዚህ አሠራር ሥራው በትንሽ በትንሹ ይቆረሳል። የወንድሜ ቡድን በየሁለት ሳምንቱ አንዱን ቁራሽ ሠርቶ ፈትሾ ያስረክባል። ፈታሹ ከሠሪዎቹ ጋር ከመጀመሪያው ቀን አንድ ጠረጴዛ ላይ ነው። ጠዋት ጠዋት ቆመው ለ15 ደቂቃ ያህል ይነጋገራሉ። በየሁለት ሳምንቱ መጨረሻ ደግሞ ተቀምጠው ወደ ኋላ ያያሉ፤ ምን ተሳካ፣ ምን አልተሳካም፣ ቀጥሎ ምን እንቀይር ይባባላሉ። ከ12ቱ መርሆዎች የመጨረሻው የሚናገረውም ስለዚሁ፣ ቡድኑ በየጊዜው ራሱን አይቶ አካሄዱን ስለማረሙ ነው።

«አንድ ነገር በተቀየረ ቁጥር ግን» አለኝ፣ «የተቀየረውን ብቻ አይደለም የምንፈትሸው። ትናንት ይሠራ የነበረውን ሁሉ ዛሬም መሥራቱን መልሰን እናያለን። ያንቺ ጉድለት እዚህ ላይ ነው።» ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ይሄ የሮስተር ጨዋታ እንዳይመስልሽ። እዚሁ አጠገባችን የወደቀውን አውሮፕላን ታስታውሺያለሽ?» አለኝ።

እንዴት አላስታውስ! መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. እሑድ ጠዋት ነበር። እኔ ያኔ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ነኝ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 302 ከቦሌ ወደ ናይሮቢ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ38 ላይ ተነሳ፤ ከስድስት ደቂቃ በኋላ በቢሾፍቱ አቅራቢያ፣ ጊምቢቹ ወረዳ ቱሉ ፈራ በተባለው ቦታ ወደቀ። የተሳፈሩት 157 ሰዎች በሙሉ አለቁ። ያን ቀን በየቤቱ የነበረውን ዝምታ የዚህ አካባቢ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ከዚያ አምስት ወር ባልሞላ ጊዜ ቀደም ብሎ፣ ጥቅምት 19 ቀን፣ ያው ዓይነት ቦይንግ 737 ማክስ አውሮፕላን ኢንዶኔዥያ ባሕር ውስጥ ወድቆ 189 ሰዎች ሞተዋል።

በሁለቱም አደጋ ውስጥ የነበረው ኤምካስ የሚባል ሶፍትዌር ነው። የአውሮፕላኑ አፍንጫ ከልክ በላይ ቀና ብሏል የሚል ምልክት ሲደርሰው ከጅራቱ በኩል ያለውን ክንፍ አንቀሳቅሶ አፍንጫውን ወደ ታች ይገፋል። ምልክቱን የሚቀበለው ከአንድ መለኪያ ብቻ ነበር። በሁለቱም በረራ ያ መለኪያ የተሳሳተ ቁጥር ሰጠ፤ ሶፍትዌሩም የተነገረውን አምኖ ደጋግሞ ወደ ታች ገፋ። እኔን ከሁሉ ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ነው። ሶፍትዌሩ መጀመሪያ ሲታሰብ ጅራቱን በአንድ ጊዜ የሚያንቀሳቅሰው እስከ 0.6 ዲግሪ ነበር። ኋላ፣ አውሮፕላኑ በመሠራት ላይ እያለ፣ ይህ ወደ 2.5 ዲግሪ አደገ። ከአራት እጥፍ በላይ ማለት ነው። ኋላ የተደረጉት ምርመራዎች እንዳሳዩት ይህ ለውጥ ያስከተለው አደጋ የሚገባውን ያህል እንደገና አልተመዘነም። ይባስ ብሎ፣ እስከ ኢንዶኔዥያው አደጋ ድረስ አብራሪዎች በሚማሩበት መመሪያ ላይ ስለ ኤምካስ አልተነገራቸውም ነበር።

ሮስተርና አውሮፕላን አይወዳደሩም፤ የሰው ነፍስ ከካርድ ጋር አይተካከልም። ሆኖም ጥፋቱ የገባበት በር አንድ ነው። የቀየረው ሰው ለውጡን አነስ አድርጎ አየ፣ ትናንት ልክ የነበረው ዛሬም ልክ ነው ተባለ፣ መዘዙን የሚቀበለው ሰው ደግሞ አልተነገረውም። እዚያ አብራሪው፣ እዚህ ልጅቷ።

ሶፍትዌሩ ኋላ ታረመ። አሁን ሁለት መለኪያዎችን ያመሳክራል፤ ካልተስማሙ አይነሳም፤ ቢነሳም ደጋግሞ አይገፋም። አብራሪዎችም በሲሙሌተር እንዲሠለጥኑ ግዴታ ሆነ። የአሜሪካ የበረራ ባለሥልጣን በኅዳር 2013 ዓ.ም. አውሮፕላኑ እንደገና እንዲበር ፈቀደ፤ የኛ አየር መንገድም በጥር 2014 ዓ.ም. ማብረር ጀመረ። ልብ በሉ፤ ከማስተካከያዎቹ አንዱ የሶፍትዌር፣ አንዱ ደግሞ የሥልጠና ነው። አንዱ ያለ ሌላው አይበቃም።

አሁን ወደ እኛ ልመለስ። እኛስ አንቀይርም? በልምምዱ ወቅት ስለ ክፍልፋይ በክፍል ሀ አስተማርኩ። ድፎ ዳቦ ሰሌዳ ላይ ስዬ እየቆረስኩ አሳየሁ፤ የኋላ ወንበር ልጆችን በየስማቸው እየጠራሁ ጠየቅኩ። አንድ ጓደኛዬ ኋላ ተቀምጦ አይቶኝ ነበርና «ብዙ አወራሽ፤ ልጆቹ እጃቸውን ምንም አላሠሩም» አለኝ። እውነቱን ነበር። ለክፍል ለ ቀየርኩት፤ በቡድን ሆነው ወረቀት እያጠፉ እንዲቆርሱ አደረግሁ። ክፍሉ ሞቀ፣ እኔም ኮራሁ። በማግስቱ አጭር ጥያቄ ስሰጥ ግን ከኋላ ወንበር ያሉት ግማሽና ሩብ አልለዩም። ለምን? አዲሱን ነገር ሳስገባ የድሮውን ጥሩ ነገር፣ በየስም እየጠሩ መጠየቁን፣ ጣልኩት። አዲሱ መሥራቱን አየሁ እንጂ የድሮው መኖሩን አልፈተሽኩም።

በየትምህርት ቤቱ ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ የሚባል አለ። ትምህርት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ማዕቀፍ አንድ መምህር በዓመት 60 ሰዓት ለዚህ እንዲያውል ደንግጓል። ሐሳቡ ከእነ ወንድሜ ስብሰባ ጋር አንድ ነው፤ አብሮ ማቀድ፣ መሞከር፣ መገምገም። ነገር ግን ግምገማው ፎርም መሙላት ብቻ ከሆነ ማንንም አያስተምርም። ወንድሜም በእነሱ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር እንደሚያጋጥም ነግሮኛል፤ ሰው ሲፈራ «ሁሉም ጥሩ ነው» ይባልና ስብሰባው በአምስት ደቂቃ ያልቃል። እኛም እርስ በርሳችን ክፍል ገብተን ስንተያይ «አሪፍ ነበር» ብለን እንለያያለን። ይሉኝታ ይዞን ነው። ዋጋውን ግን የሚከፍሉት እኛ አይደለንም፤ ተማሪዎቹ ናቸው።

ስለዚህ ለዘንድሮ ልምምድ እኔ በበኩሌ ያሰብኩትን ልንገራችሁ። ካስተማርኩ በኋላ ከጓደኛዬ ጋር አሥር ደቂቃ እቀመጣለሁ፤ የምንነጋገረው ስለ ትምህርቱ እንጂ ስለ እኔ አይሆንም። አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እቀይራለሁ። በቀየርኩ ቁጥርም ትናንት የሠራው ዛሬም መሥራቱን አያለሁ፤ የማየውም ከፊት ወንበር ጎበዞች ሳይሆን ከድንበሩ አጠገብ ካሉት ልጆች ዘንድ ነው። ውጤት ስሠራ ደግሞ የሚያመሳክረው ሌላ ሰው ይሆናል። ውድ አሠልጣኞቻችንም የግምገማ ወረቀቱን ለማርክ ብቻ ሳይሆን ለዚህ ጨዋታ መነሻ ብታደርጉልን፣ እንዳንፈራ ታግዙናላችሁ።

ይህን ሁሉ ብናደርግም ስሕተት አይጠፋም። የሆላንዱ የኮምፒውተር ሊቅ ኤድስገር ዳይክስትራ ፍተሻ ስሕተት መኖሩን ያሳያል እንጂ አለመኖሩን አያረጋግጥም ይል ነበር። እንግዲያው የቀረውን የሚይዝልን ማን ነው? ደብተሯን ይዛ «የኔ ተሳስቷል» የምትል ልጅ ናት። እሷን «ኮምፒውተር ነው የሠራው» ብሎ ያባረረ መምህር የመጨረሻውን ፈታሹን አባረረ። ያቺ ልጅ ዘንድሮ 7ኛ ክፍል ናት።

ወንድሜ የነገረኝን አንድ ታሪክ ጨምሬ ልሰናበት። ጳጉሜ 4 ቀን 1939 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1947) በአሜሪካ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ማርክ 2 የተባለው ግዙፍ ኮምፒውተር አልሠራ አለ። ሠራተኞቹ ከፍተው ሲያዩ አንዲት የእሳት ራት ውስጡ ሞታ ተገኘች። አውጥተው አልጣሏትም፤ በሥራ መዝገባቸው ላይ በፕላስተር ለጠፏትና ከሥሯ ጻፉ። ያ ገጽ ዛሬ በዋሽንግተን ሙዚየም ይገኛል።

እኔም የራሴን የእሳት ራት እዚህ ግድግዳ ላይ ለጥፌያታለሁ። ቦታ አለ፤ የእናንተንም አምጡ።